ለእርግዝና ፎቶ ቀሚስ ስትመርጪ መጀመሪያ በጎን ቁሚ

የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ስምንት ወር ሊሞላኝ ሲል ፎቶ ልነሳ ብዬ አንድ ቡቲክ ገባሁና ከትከሻ ጀምሮ እስከ መሬት የሚወርድ ሰፊ ክሬም ቀሚስ ለካሁ፣ መስታወቱ ፊት ሳየው ንግሥት መሰልኩ፣ ሻጯም "ኧረ በጣም ያምርብሻል" አለችኝ (እነሱ መቼም አያምርብሽም ብለው አያውቁም) ከፍዬ ወጣሁ። ፎቶው ሲመጣ ሆዴ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን ጨርቁ ከጡቴ ላይ ተነስቶ ቀጥ ብሎ መሬት ስለደረሰ ድንኳን ለብሳ የቆመች ሴትዮ ነው ምመስለው። እናቴ ደግሞ አየት አደረገችውና "ጋቢ ደርበሽ ነው እንዴ የተነሳሽው?" አለችኝ፣ በቃ አለቀ።

ስህተቴ ምን መሰለሽ፣ ቀሚሱን ከፊት ለፊት ነው የመረጥኩት። መስታወት ፊት ሁላችንም ፊት ለፊት ነው ምንቆመው፣ የእርግዝና ፎቶ ግን አብዛኛው በጎን ወይ ገደድ ብሎ ነው ሚነሳው፣ ምክንያቱም ሆድ ከፊት ሲታይ ውፍረት ይመስላል፣ በጎን ሲታይ ነው እርግዝና መሆኑ ሚታወቀው። ይሄን ነገር ፋሽን ያደረገው ፎቶ ራሱ እንደዛ ነው፣ በፈረንጆቹ 1991 ዴሚ ሙር የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ቫኒቲ ፌር መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችበትን ፎቶ አኒ ሊቦቪትዝ ስታነሳት ዞር አድርጋ ነው ያቆመቻት፣ አንድ እጇ ከሆዷ ስር ነው። ቀሚስማ ጭራሽ አልለበሰችም፣ እሱ እኛን አይመለከተንም።

በሁለተኛው ልጄ ጊዜ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ፣ ከዛ በኋላ ደግሞ እህቴንና ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ስዞር የተማርኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል ምጽፍልሽ።

1. መጀመሪያ ቀኑን ቁረጪ

ጥሩው ጊዜ ከ28ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ነው። ከዛ በፊት ሆድሽ ቀሚስ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ከ36 በኋላ ደግሞ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ለአንድ ፎቶ ሦስቴ መቀመጥ ያምርሻል፣ ልጁም ቢሆን ቀጠሮሽን አይጠብቅልሽም። መንታ ከሆነ ቀደም አድርጊው፣ ሆዱም ቶሎ ይወጣል መንታ ደግሞ ቶሎ ይመጣል።

ቀኑን ቀድመሽ ምትቆርጪው ለቀሚሱ ስትዪ ነው። የተዘጋጀ ልብስ ምትገዢ ወይ ምትከራዪ ከሆነ ፎቶው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለኪ፣ ቀደም ብለሽ ከለካሽ ሆድሽ ያልፈዋል። ምታሰፊ ከሆነ ግን ቢያንስ ወር ከግማሽ በፊት ጀምሪ፣ ምክንያቱም ሽሮ ሜዳ ያሉት ሰፊዎች "በሳምንት ይደርሳል" ካሉሽ ሦስት ሳምንት ነው፣ ለእንቁጣጣሽ ለገናና ለጥምቀት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ስልክም አያነሱልሽ። ጥር እና ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ወቅት ስለሆነ ቬሎ አከራዮቹም ፎቶ ቤቶቹም ይጨናነቃሉ፣ ይሄንንም አስቢበት።

2. ቦታውንና ሰዓቱን ሳትወስኚ ቀሚስ አትለኪ

ሰው ሁሉ ቀሚሱን ገዝቶ ነው "የት እንነሳ" ሚለው። ተገላቢጦሽ ነው። የቀሚሱ ቀለምም ክብደቱም የሚወሰነው ከቦታው ነው።

እንጦጦ ላይ ከሆነ ከኋላሽ ባሕር ዛፍ ነው፣ አረንጓዴው ግራጫ የሚመታ ነገር ነው፣ እዛ ላይ አረንጓዴ ወይ ግራጫ ቀሚስ ለብሰሽ ብትቆሚ ጭንቅላትሽ ብቻ ነው ሚታየው። የሸክላ ቀለም፣ ሰናፍጭ፣ ጥቁር ቀይ፣ ክሬም ግን ከዛፉ ነጠል ብሎ ይወጣል። ደግሞ እንጦጦ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ማታ ማታ ይበርዳል፣ እጅጌ የሌለው ሳቲን ለብሰሽ ከሄድሽ ክንድሽ ላይ የዶሮ ቆዳ ይወጣብሻል፣ ካሜራ ደግሞ እሱን አይምርም። የእህቴ ፎቶ ላይ በግልፅ ይቆጠራል።

ቢሾፍቱ ከሆነ ሞቅ ይላል፣ ሆራ ወይ ባቦጋያ ዳር ቀለል ያለ ጨርቅ ያምራል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ነፋስ አለ። ነፋስ ለረጅም ሺፎን ወርቅ ነው፣ ጨርቁን ወደ ኋላ ወስዶ ሆድሽ ላይ ይለጥፈዋል፣ ለአጭር ሰፊ ቀሚስ ግን መከራ ነው፣ ሙሉውን ሰዓት ጉልበትሽ ላይ ጨርቅ ስትይዢ ትውያለሽ። መስከረም ላይ አደይ አበባ መሐል መነሳት ምትፈልጊ ደግሞ ቢጫ አትልበሺ፣ ነጭ ወይ ጠይም ቡኒ ልበሺ፣ ሜዳው ራሱ ቢጫውን ይሰጥሻል። ጭቃውን አትርሺ ታዲያ፣ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መሬት የሚጎተት ቀሚስ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ነው ምትመልሺው።

ስቱዲዮ ከሆነ ግድግዳው ምን ቀለም እንደሆነ ጠይቂ፣ በቃ። ፓርክ ከሆነ ደግሞ በትልቅ ካሜራ ለማንሳት ፈቃድ ወይ ክፍያ የሚጠይቁ ቦታዎች ስላሉ ቀድመሽ ደውዪ፣ በር ላይ ቆሞ መከራከር ለእርጉዝ አይሆንም።

ሰዓቱ ላይ ድርቅ በዪ። አዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ነው ምትጠልቀው፣ ስለዚህ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ያለው ብርሃን ነው ለስላሳው፣ ወይ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ይሄ ከቀሚስ ጋር ምን አገናኘው ትይኝ ይሆናል። በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጭ ቀሚስ ከለበስሽ ካሜራው ከሁለት አንዱን ነው ሚመርጠው፣ ወይ ቀሚሱን በደንብ ያሳይና ፊትሽን ያጠቁረዋል፣ ወይ ፊትሽን ያሳይና ቀሚሱን ጥለቱ የማይለይ ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። እኛ ጠይም ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ቀን 7 ሰዓት ላይ ብቻ ነው ሚመቸኝ ካልሽ ነጩን ተዪውና ጠቆር ያለ ቀለም ያዢ፣ ወይ ሙሉ ጥላ ውስጥ ተነሺ።

3. የጎን ፈተናው

ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትዘዪ ይሄን አትዝለዪ።

ቀሚሱን ለበስሽ፣ እሺ። አሁን ከመስታወቱ ዞር በዪና ስልክሽን አብራሽ ለመጣችው ሰው ስጫት። ስልኩን በሆድሽ ቁመት ልክ ትያዘው፣ ከላይ ካነሳችሽ ታጥሪያለሽ ከታች ካነሳችሽ ተራራ ትሆኛለሽ። አንድ ሙሉ በሙሉ በጎን፣ አንድ ገደድ ብለሽ፣ አንድ ተቀምጠሽ፣ አንድ እየተራመድሽ። በጎን ስትቆሚ ወደ ካሜራው የቀረበውን ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርጊ፣ አንድ እጅ ከሆድሽ በላይ አንዱን ከስር፣ ልክ የፎቶው ቀን እንደምትሆኚው።

ከዛ ፎቶዎቹን ስልኩ ላይ ጥቁርና ነጭ አድርጊያቸው። ቀለሙ ሲጠፋ ያኔ ነው ቅርፁ ሚወጣው፣ ቀለም በጣም ያታልላል። ሁለት ነገር ነው ምታዪው። አንደኛው ጡትሽ የት አልቆ ሆድሽ የት እንደሚጀምር ይለያል ወይ? ሁለተኛው ከሆድሽ በታች ጨርቁ ወደ ውስጥ ይመለሳል ወይስ ከሆድሽ ጫፍ ላይ እንደ መጋረጃ ቀጥ ብሎ ይወርዳል? የመጀመሪያው ካልተለየ ወፍራም ነው ምትመስዪው፣ ሁለተኛው ካልተመለሰ ድንኳን ነው፣ የኔ ነገር። ሁለቱም ካለ ያ ቀሚስ ርካሽም ይሁን ሰልባጅ ተራ የተገዛ ይሁን ያዢው። ጓደኛዬ ያማረላት ፎቶ ከሰልባጅ ባነሳችው ጥቁር የሚለጠጥ ቀሚስ ነው፣ ተከራይታ ያመጣችው ባለ ጅራት ቬሎ ከጎኑ ሲታይ ምንም አልነበረም።

ተቀምጠሽ የተነሳሽውንም እዪው፣ ሲቀመጡ ጨርቁ ሆድ ላይ እጥፍጥፍ ሚሰራ ከሆነ ወይ ጭንሽ ላይ ሚሳብ ከሆነ ቆመሽ ብቻ ነው ምትነሺው ማለት ነው፣ 32ኛ ሳምንት ላይ ሁለት ሰዓት መቆም ደግሞ እንኳን ላንቺ ለወታደርም ከባድ ነው።

4. ጨርቁ

በእጅሽ ያዢና ጎትቺው። ወደ ጎን ተለጥጦ ሚመለስ ጥጥና ላይክራ ያለበት ጨርቅ፣ ጀርሲ ሚሉት፣ ለዚህ ሥራ የሚያክለው የለም፣ ሆድ ላይ ያርፋል ከስር ደግሞ ይመለሳል። በጣም ስስ ከሆነ ግን እምብርትሽም የፓንትሽ መስመርም ይወጣል፣ ስለዚህ ወፈር ያለውን፣ ወይ ገበር ያለውን።

ሳቲን ፎቶ ላይ ያብረቀርቃል፣ ሚያበራው ደግሞ ሁሌም ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው፣ ማለትም ሆድሽ ላይ፣ ያ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ሳቲን እጥፋትና ላብ አይደብቅም፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ቢሾፍቱ ስትደርሺ ካውያ ያልነካው ይመስላል። ሳቲን ከሆነ ማንጠልጠያ ላይ ይዘሽ ሂጂና እዛ ልበሺው።

ሺፎን ብቻውን ግልፅ ነው፣ ቤት ውስጥ አይታወቅም፣ ከኋላሽ ፀሐይ ሲሆን ግን ሁለት እግርሽ እንደ ጥላ ይታያል። አንዳንዱ ሆን ብሎ ይፈልገዋል፣ አንቺ ካልፈለግሽ ገበሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሁን። ለማረጋገጥ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለብሰሽ የስልክ መብራት ከኋላሽ ይብራ፣ ከፊት ደግሞ በፍላሽ ይነሳ፣ ምን እንደሚታይ ያኔ ታውቂያለሽ።

ቱል፣ ማለትም ያ የሙሽራ ዓይነ እርግቡ ጨርቅ፣ ለብቻው ቀሚስ ባይሆንም በሜትር ገዝቶ መደረብ ይቻላል። ቢዮንሴ በ2017 መንታ ማርገዟን ያሳወቀችበትን ፎቶ ታስታውሺው የለ፣ አበባ መሐል ተንበርክካ አረንጓዴ ቱል ከራሷ ጀምሮ የለበሰችው፣ ያንን ያነሳት አወል እርዝቁ ኢትዮጵያ ተወልዶ ኒውዮርክ ብሮንክስ ያደገ የኛው ልጅ ነው። ያ ሁሉ ሰው ያየው ፎቶ ላይ ያለው ጨርቅ ቱል ነው፣ ከመርካቶ ጥቂት ሜትር ቆርጠሽ ተመሳሳይ ነገር መሞከር ትችያለሽ። ሳቲኑን ከውስጥ፣ ቱሉን ከላይ፣ ሆዱ በቱሉ ውስጥ ይታያል ግን አልተገለጠም፣ ባሎችም እናቶችም ሚስማሙበት መሐከለኛ መንገድ ነው።

5. አንገት፣ እጅጌ፣ ወገብ

ወገቡ ከጡት በታች ይሁን። በተፈጥሮ ወገብሽ ላይ ያለ መስመር ወይ ቀበቶ ሆዱን ለሁለት ነው ሚከፍለው፣ አያድርስ። የተገዛው ቀሚስ ሰፊ ቢሆንም ከጡትሽ ስር በሪባን ወይ በመቀነት ብታስሪው ግማሽ ችግሩ ይፈታል፣ ያንን የኔን ድንኳን ራሱ በኋላ እንደዛ አስሬ ስሞክረው ሰው መሰልኩ፣ ምን ዋጋ አለው።

አንገት ላይ በዚህ ጊዜ ጡት ስለሚጨምር እስከ ጉሮሮ ሚዘጋ ቀሚስ ከአንገት እስከ እምብርት አንድ ትልቅ ግድግዳ ያደርግሻል። የቪ ቅርፅ ያለው ወይ ትከሻ ላይ የተከፈተ ይሻላል። ክንድሽ ወፍሮ ከሆነና ካልወደድሽው ክርን ድረስ የሚደርስ እጅጌ አድርጊ፣ ብብት ላይ እንዳያጠብቅሽ ብቻ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ስለምትነሺ ብብቱ ከያዘሽ ቀሚሱ በሙሉ ወደ ላይ ይሳባል። ርዝመቱ እስከ መሬት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ያበጠ እግርንም የቤት ጫማንም ይደብቃል።

ሒጃብ ምትለብሺ እህቴ፣ አባያ ከትከሻ ስለሚወርድ የኔን ድንኳን ነው ሚሆነው፣ ግን ከውስጥ ጠበብ ያለ የሚለጠጥ ቀሚስ ለብሰሽ አባያውን ከፊት ከፍተሽ በጎን ብትነሺ ሁለቱ የአባያ ጠርዞች ሆድሽን እንደ ፍሬም ይይዙታል። ወይ በተመሳሳይ ጨርቅ ከጡት በታች እሰሪው። የሒጃቡን ጫፍ ደግሞ ወደ ኋላ ወይ ወደ ትከሻ አድርጊው፣ ደረት ላይ ከተንዘረፈፈ ያ ምንፈልገው ጡትና ሆድን ሚለየው መስመር ይጠፋል።

6. ሐበሻ ቀሚስ ከሆነ

ይሄ ረዘም ይልብኛል ምክንያቱም ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ቁምሳጥንሽ ውስጥ ያለውን የበዓል ቀሚስ አትመኚ፣ ለሰርግ ያሰፋሽው ሆድሽን አያልፍም፣ ቢያልፍም ፊቱ ያጥራል። ለምን እንደሚያጥር ልንገርሽ። ክትትል ስትሄጂ ነርሷ ሆድሽን ከታች ወደ ላይ በሜትር ትለካው የለ፣ ያ ቁጥር ከአምስት ወር በኋላ በሳምንት አንድ ሴንቲ ያህል ነው ሚጨምረው፣ 30ኛ ሳምንት ላይ 30 ሴንቲ አካባቢ። ያ ሁሉ ቁልቁለት የነበረ ሥጋ አሁን ጉብታ ሆኗል፣ ጨርቁ ጉብታውን ወጥቶ ነው ሚወርደው፣ ስለዚህ ከፊት ያለው ጫፍ ሽቅብ ይሳባል፣ ከኋላ መሬት ይነካል ከፊት ቁርጭምጭሚትሽ ይታያል። በተለይ ታች ጫፉ ላይ ጥበብ ካለው ጥበቡ ጠማማ ሆኖ በጎን ፎቶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰፊው የፊቱን ከኋላው ስድስት ሴንቲ አስረዝሞ እንዲቆርጠው ንገሪው፣ እኔ እንደዛ አድርጌ ልክ መጣልኝ፣ ደግሞ ቅምቅማቱን ሰፋ አድርጎ ይተወው፣ ለመጨረሻው ልክ ስትሄጂ ካነሰ ይለቀዋል ከበዛ ያጥፈዋል።

ሁለተኛ የጥለቱ ቦታ። ከአንገት እስከ ታች በመሐል የሚወርደው ሰፊ ጥለት ከፊት ሲታይ ያምራል፣ ግን ሆድ ላይ ሲወጣ ይለጠጥና መስመሩ ይንጋደዳል፣ በጎን ስትዞሪ ደግሞ ጭራሽ አይታይም፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ቆመ ማለት ነው። ለእርግዝና ፎቶ ጥለቱ ሦስት ቦታ ነው ሚያምረው፣ ደረት ላይ፣ እጅጌ ጫፍ ላይ (እጅሽ ሆድሽ ላይ ስለሆነ ሁሌ ይታያል) እና ታች ዙሪያውን። ሆዱ ራሱ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቅር፣ ባዶው ነው ክብነቱን ሚያሳየው።

ሦስተኛ ጨርቁ። ወፍራም ፈትል ይከብዳል፣ ይቆማል፣ አይወድቅም። መነን ወይ ሌላ ሳሳ ያለ የሸማ ሥራ ገላ ላይ ያርፋል። የሺፎን ሐበሻ ቀሚስ አሁን በጣም የተለመደ ሆኗል፣ አወዳደቁ ጥሩ ነው፣ አሮጊቶቹ "ይሄ ደግሞ ምኑ ነው የሐበሻ" ቢሉም ካሜራ ላይ ከፈትል ይሻላል ባይ ነኝ። የእጅ ሥራ ምትወጂ ከሆነ ግን ሽሮ ሜዳ ወይ መርካቶ ሸማ ተራ ሄደሽ ጨርቁን ራስሽ በእጅሽ አንጠልጥለሽ እዪው፣ ከእጅሽ ላይ እንደ ውኃ ከወረደ ይሆናል፣ እንደ ካርቶን ከቆመ ተዪው።

አራተኛ መቀነት። መቀነቱን እንደ በዓል ወገብ ላይ አይደለም፣ ከጡት ስር ነው፣ ጫፎቹ ደግሞ በፊት ሳይሆን በጎን ይውረዱ። ነጠላውን ሆድሽ ላይ አታድርጊ፣ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው ወይ ከኋላ በሁለት ክንድሽ ያዢው። አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነጠላውን ከሆድሽ ስር አድርገሽ ሁለቱን ጫፍ ባልሽ ቢይዝልሽ ቆንጆ ትወጣለች፣ እሷን አትዝለዪ።

ሲለካሽ ደግሞ ሆድሽ ዛሬ ያለበትን ሳይሆን ወር ቆይቶ ሚደርስበትን ነው ምታሰፊው፣ ስለዚህ በሁለቱ ጎን ትርፍ ጨርቅ ውስጥ ይተው፣ ፎቶው ሳምንት ሲቀረው ሄደሽ ይጠበብልሽ። ማጥበብ ሁሌም ይቻላል፣ ጥበብ የተሰፋበትን ማስፋት ግን ጣጣ ነው። ውጭ ሆነሽ አዲስ አበባ ምታሰፊም እንዲሁ፣ ደረት፣ ከጡት በታች፣ የሆድ ትልቁ ቦታ፣ ከትከሻ በሆድ ላይ አልፎ እስከ መሬት ከፊት፣ ከትከሻ እስከ መሬት ከኋላ፣ እነዚህን አምስት ልኮች በሴንቲ ላኪላቸው፣ በጎን የቆምሽበትን ቪዲዮም ጨምሪ። ዋሽንግተን ያለች የአጎቴ ልጅ ከፊትና ከኋላ ለየብቻ መለካቱን ረስታ አንድ ርዝመት ብቻ ልካ መጋቢት መጨረሻ ላይ ያ የቼሪ አበባ ሲፈነዳ ፊቱ ያጠረ ቀሚስ ለብሳ ተነሳች፣ ደግነቱ አበባው አዳናት።

7. መከራየት

ብዙ ፎቶ ቤቶች አሁን የእርግዝና ቀሚስ አላቸው፣ በፓኬጁ ውስጥ ነው ሚሉሽ። ሄደሽ ሳትለኪ አትስማሚ። ቀሚሱ ሰፍቶሽ ከኋላ በመቆንጠጫ ሊይዙት ይችላሉ፣ ያ ችግር የለውም ከፊት አይታይም፣ በጎን ግን መቆንጠጫው ይታያል፣ እንዳልኩሽ እኛ ምንነሳው ደግሞ በጎን ነው፣ ስለዚህ በመርፌ ቁልፍ ወደ ውስጥ አጥፈው እንዲይዙት ንገሪያቸው። ዚፑን ከፍተሽ ዝጊው። ከተበላሸ ወይ ከቆሸሸ ማን እንደሚከፍል፣ መያዣው መቼ እንደሚመለስ፣ ከቤት ውጭ ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ፣ ይሄን በጽሑፍ በቴሌግራም ይላኩልሽ፣ አንድ ቦታ እኔ በቃል ተስማምቼ ላልቀደድኩት ዳንቴል ከፍያለሁ። መታጠቡንም ጠይቂ፣ ጠረኑ ራሱ ይነግርሻል፣ የእርጉዝ አፍንጫ መቼም አይሳሳትም።

8. ከውስጥ ምን ይለበስ

በቆዳሽ ቀለም የሆነ፣ ስፌት የሌለው ፓንት፣ ነጭ ቀሚስ ውስጥ ነጭ ፓንት ይታያል የቆዳ ቀለም ነው ማይታየው። ጡት ማስያዣ በፊት የነበረሽ ቁጥር አሁን አይሆንሽም፣ አዲስ ለክተሽ ግዢ፣ ለትከሻ ክፍት ቀሚስ ማንጠልጠያ የሌለው። ሆድ የሚያጠብቅ ታይት ምናምን አትልበሺ፣ አንደኛ ለጤናሽ ሁለተኛ ደግሞ ልናሳይ የመጣነውን ነገር ለምን እንጨቁነዋለን። በዛን ቀን ጠዋት ላስቲክ ያለው ነገር በሙሉ አውልቀሽ ሰፊ ልብስ ለብሰሽ ቆዪ፣ የላስቲክና የካልሲ ምልክት ከቆዳ ላይ ለመጥፋት ጊዜ ይፈጅበታል።

9. ባልሽና ልጆቹ

አጭር ነው፣ አንቺ ቀሚሱን ከመረጥሽ በኋላ እነሱ ይከተሉ። ካንቺ ደብዘዝ ያለ፣ ጽሑፍ የሌለበት፣ የአርሰናልም የማንቼም ማሊያ ያልሆነ። አንቺ ጥለት ካለሽ እሱ ጥለት የሌለው ጨርቅ፣ የጥለትሽን አንድ ቀለም በክራቫት ወይ በልጁ ሸሚዝ ብትደግሚው በቂ ነው።

10. የቀኑ ለት

ሁለት ቀሚስ ይበቃሻል፣ አምስት ይዘው ሚሄዱ አሉ፣ ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ይደክማል። የከበደውን መጀመሪያ ልበሺ ቀላሉን በኋላ። ቦርሳሽ ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ ክር በመርፌ፣ እርጥብ ሶፍት፣ ነጠላ ጫማ፣ ውኃና ሚበላ ነገር፣ ጋቢ (በየመሐሉ ደርበሽ ለመቀመጥ)። ልብስ ምትቀይሪበት ከሌለ እህትሽና ጓደኛሽ ጋቢውን ግራና ቀኝ ይያዙልሽ፣ ከማንኛውም ድንኳን ይሻላል።

ፎቶ አንሺው ሳር ላይ በጀርባሽ ተኚ ካለሽ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ካልሆነ እምቢ በዪ፣ በዚህ ወር በጀርባ መቆየት ራስ ያዞራል፣ በግራ ጎንሽ ሁኚ፣ ለቀሚሱም እሱ ነው ሚያምረው። ፊትሽና እጅሽ ድንገት አብጦ፣ ከባድ ራስ ምታት ይዞሽ ወይ ዓይንሽ ብዥ እያለ ከሆነ ደግሞ ቀሚሱም ቀጠሮውም ይቅር፣ ቀጥታ ጤና ጣቢያ፣ ይሄ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ነገ አይባልም።

የሰው ዓይን ነገር የሚያስጨንቃት እናት ካለችሽ አትጨቃጨቂ፣ ፎቶውን ተነሺና ስልክሽ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከወለድሽ በኋላ ልጁን አቅፈሽ ሁለቱንም አንድ ላይ ፖስት ታደርጊዋለሽ። እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ እማም ደስ አላት።

አንድ የረሳሁት፣ ሐበሻ ቀሚሱን ምታሰፊ ከሆነ ሰፊው ገና ሳይቆርጠው ደረቱ ላይ ከጥለቱ ስር የተደበቀ ዚፕ ወይ ቁልፍ እንዲያደርግልሽ ንገሪው። ወንድ ከሆነ በ40 ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና አለ፣ ያኔ ጎኑን አስጠብበሽ ይሄንኑ ቀሚስ ትለብሺዋለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ልጁ ሲያለቅስ ጡት መስጠት ይመጣል። የኔ ዚፕ አልነበረውም፣ እዛው አዳራሽ ጓሮ እህቴ በመቀስ ከፈተችው።